የድሮ ቤዝሽ ሲንኮሻኮሽና ሲጠፋ፦ ሁሉንም ከመቀየርሽ በፊት

ጥያቄውን ላላየ ሰው ባጭሩ፦ እህታችን ከአጎቷ የደረሳት በፈረንጆች 70ዎቹ ውስጥ የተሰራ ባለ ሁለት ፒክአፕ (ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔትና ጥምጥም ሽቦ ነው) ቤዝ ጊታር አላት፣ ሁለት ቮልዩም አንድ ቶን ያለው፣ የፌንደር ኩባንያ ጃዝ ቤዝ አይነት። ቮልዩሙን ስታዞር ይንኮሻኮሻል፣ በአንገቱ በኩል ያለው ፒክአፕ አንዳንዴ ጥፍት ይልና ራሱ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ደሞ እምምም የሚል ሃም ይመጣና ክሩን ስትነካ ይቀንሳል። አንድ ጠጋኝ "ውስጡ አርጅቷል፣ ፒክአፑንም ፖቱንም (የቮልዩምና የቶን ማዞሪያውን) ሽቦውንም ጠቅላላ ቀይሪው" ብሏታል። ልቀይር ወይስ ራሴ ልሞክረው ነው ጥያቄዋ።

ቀጥታ ልንገርሽ እህቴ፣ አሁን ምንም አትቀይሪ። ጠጋኙ ዋሽቶሻል እያልኩ አይደለም፣ ጠቅላላ መቀየር ለሱ ይቀለዋል፣ የተበላሸውን መፈለግ ጊዜ ይበላል አዲስ መግጠም ግን ቶሎ ያልቃል። ላንቺ ግን አያዋጣም። ፓሲቭ ከሆነ፣ ማለትም ባትሪ ከሌለው፣ ውስጡ ያለው ሁለት ፒክአፕ፣ ሶስት ፖት፣ አንድ ካፓሲተር፣ አንድ ጃክ (ኬብሉ የሚሰካበት) እና ጥቂት ሽቦ ነው፣ በቃ ሌላ ምንም የለም። ከነዚህ ውስጥ በአገልግሎት የሚያልቁት ፖቱና ጃኩ ናቸው፣ ሌላው ሰው ካልነካካው ወይም እርጥበት ካልገባው ከኛ እድሜ በላይ ይቆያል። ደሞ የዛን ዘመን ዕቃ ከነኦሪጅናል ፒክአፑ መሆኑ ራሱ ዋጋ አለው፣ አንዴ አውጥተሽ ከጣልሽው አይመለስም።

አሁን ሶስቱን ምልክቶች ለየብቻ ሳይሆን አንድ ላይ እንያቸው፣ እኔ እንደሚመስለኝ ሶስቱም ያንድ ብልሽት ልጆች ናቸው። የጃዝ ቤዝ ሁለት ፒክአፖች ሲሰሩ ጀምሮ (ጊታሩ የወጣው በ1960 ነው፣ እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች ነው) አንዱ ከሌላው በተቃራኒ ነው የተጠመጠመው፣ የማግኔቱም አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። ሁለቱም ቮልዩም እኩል ሙሉ ሲከፈት አንዱ የሚለቅመውን ሃም ሌላኛው ያጠፋለታል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ስለዚ የአንገቱ ፒክአፕ ጥፍት ባለ ቁጥር የብሪጁ (ክሩ ታች በሚታሰርበት በኩል ያለው) ብቻውን ይቀራል፣ ብቻውን የቀረ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥምጥም ፒክአፕ) ደሞ ሃም ማድረጉ የግድ ነው። እስቲ አስተውይ፣ ሃሙ የሚመጣው የአንገቱ ፒክአፕ ሲጠፋ ነው ወይ? አዎ ካልሽኝ ሃም ተብሎ ለብቻው የሚጠገን ችግር የለብሽም ማለት ነው።

መንኮሻኮሹስ? በዚህ ጊታር አሰራር የፒክአፑ ሆት ሽቦ (ድምፁን የሚያመጣው) የሚበየደው የፖቱ መሃለኛ እግር ላይ ነው። መሃለኛው እግር ውስጥ ካርበኑ ላይ እየተንሸራተተች ከምትሄደው ምላስ ጋር ይገናኛል። ምላሷና ካርበኑ መሃል ቆሻሻ ወይም ዝገት ሲገባ ስታዞሪው ይንኮሻኮሻል፣ ጭራሽ ሳትነካው ስትቀር ደሞ ያ ፒክአፕ ብቻ ይጠፋል። አየሽው አይደል፣ አንድ የቆሸሸ ፖት መንኮሻኮሹንም መጥፋቱንም ሃሙንም ሊያመጣው ይችላል። ጃኩ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ፒክአፕ አብረው ነበር የሚጠፉት፣ ስለዚ ምንም እንኳ ከሁሉም በላይ የሚበላሸው ጃክ ቢሆንም ያንቺ ችግር ጃክ አይመስለኝም።

ይሄ ግምት ነው፣ ሌላም ሁለት ተጠርጣሪ አለ፦ የለቀቀ ብየዳና የፒክአፑ ኮይል። ሶስቱን ለመለየት ጊታሩን መፍታት እንኳ አያስፈልግም። መጀመሪያ ኬብሉን በሌላ ኬብል ቀይሪና ሞክሪ፣ ይሄን ሳያደርግ ጊታር የፈታ ሰው ስንቱን አይቻለሁ። ከዛ አምፑን (አምፕሊፋየሩን) ዝቅ አርገሽ የብሪጁን ቮልዩም ዝጊ፣ የአንገቱን ክፈቺና በካቻቢቴ ጫፍ የፒክአፑን ማግኔቶች ቀስ ብለሽ ነካ ነካ አርጊ። ቶክ ቶክ የሚል ጠንካራ ድምፅ ከሰጠ እዛው እየነካሽ ቮልዩሙን ወደ ጎን ገፋ ገፋ አርጊው፣ ማዞር ሳይሆን መግፋት። ድምፁ እየጠፋ እየመጣ ከሆነ ፖቱ ነው። ፖቱ ምንም ካላለ የፒክአፑን ክዳን በጣት ጫን ለቀቅ አርጊ፣ በዚህ ከተቋረጠ ችግሩ ፒክአፑ ጋ ወይም ከሱ የሚወጣው ሽቦ ላይ ነው። ጠፍቶ ባለበት ሰዓት ደሞ በደንብ አዳምጪ፣ ጭራሽ ዝም ካለ አንድ ነገር ነው፣ ቀጭን ከሩቅ የሚመጣ ሲሲ የሚል ድምፅ ከቀረው ግን ኮይሉ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ የተበጠሰ ኮይል ትንሽ ትሬብል (ቀጭኑን ድምፅ) ማሳለፉን አይተውም።

ቴስተር ካለሽ ደሞ ከዚህ በላይ ማወቅ ትችያለሽ፣ አሁንም ሳትፈቺ። ኬብሉን ጊታሩ ላይ ሰክተሽ ሌላኛውን ጫፍ ከአምፑ አውጪው፣ ቴስተሩን ኦም ላይ 20 ኪሎ አርገሽ አንዱን ጫፍ የኬብሉ መሰኪያ ጫፍ ላይ ሌላውን የዛው መሰኪያ አንገት (ከጫፉ ኋላ ያለው ብረት) ላይ ያዢ። የብሪጁ ዜሮ የአንገቱ ሙሉ ሲሆን ከ7 ኪሎ ኦም ብዙም የማይርቅ ቁጥር ታያለሽ፣ ተገላቢጦሹንም እንዲሁ፣ የዚህ አይነት ፒክአፕ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም መሃል ነውና። ሁለቱም ሙሉ ሲሆን ጎን ለጎን ስለሚገናኙ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ 3 ተኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ። ሁለቱንም ዜሮ ስታደርጊ (ቴስተሩን 200 ኪሎ ላይ አርጊው) ወደ 125 ኪሎ ኦም ይሄዳል፣ ይሄ ሁለቱ 250 ኪሎ ኦም ፖቶች ጎን ለጎን ሲገናኙ የሚሰጡት ነው። የድሮ ፖት 20 ፐርሰንት ወዲያና ወዲህ ማለት ያለ ነው ስለዚ 110 ወይም 140 ብታዪ አትደንግጪ። አሁን ዋናው ፈተና፦ የብሪጁን ዜሮ ላይ ትተሽ የአንገቱን ከሙሉ ወደ ዜሮ በጣም ቀስ ብለሽ አዙሪው። ቁጥሩ ሳይዘል እየጨመረ መሄድ አለበት። እየዘለለ፣ እየተመለሰ፣ መሃል ላይ ሌላ ነገር እያሳየ ከሄደ የፖቱን ጉዳይ ዘጋነው። ሙሉ ላይ አርገሽ ወደ 7 መሆን ሲገባው 125 ካሳየሽ ደሞ ያ ፒክአፕ በዛ ሰዓት ጭራሽ አልተገናኘም ማለት ነው።

ፖቱ ነው እንበል። የቁጥጥር ፕሌቱን ቪቴዎች ፍቺና ፕሌቱን ቀስ ብለሽ ገልብጪው፣ አትጎትቺው ሽቦዎቹ አጭር ናቸው። ምንም ሳትነኪ በፊት በስልክሽ ከሶስት አቅጣጫ ፎቶ አንሺ። ከዛ ለኤሌክትሮኒክስ ተብሎ የሚሸጥ ኮንታክት ክሊነር፣ ፕላስቲክ የማይጎዳ መሆኑ የተጻፈበት፣ ከፖቱ እግሮች በላይ ባለችው ክፍተት አንዴ ብቻ ፍጭ አርጊ። ጎርፍ አታርጊው፣ ማዞሪያውን ለስላሳ የሚያደርገውን ግሪስ ያጥበዋል። ወዲያው ከዳር ዳር ሃያ ሰላሳ ጊዜ አዙሪ፣ እስኪደርቅ ጠብቂ፣ ሞክሪው። ለበር ማጠፊያና ለዛገ ብሎን የሚረጨውን ዘይት ግን እንዳትሞክሪ፣ ለጊዜው ይሰራል ከዛ አቧራ ይዞ የባሰ ይሆናል። ሶስቱንም ፖት ባንዴ እጠቢያቸው፣ ከፈታሽው አይቀር።

ታጥቦም ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ከጠፋ ካርበኑ ተበልቷል፣ እሱን ማጠብ አይመልሰውም፣ ያን አንዱን ፖት ትቀይሪያለሽ። 250 ኪሎ ኦም፣ ኦዲዮ ቴፐር የሚባለው ይሁን። ስትገዢ ከኦም በላይ የሚያስቸግረው ልኩ ነው፦ የአሜሪካ ጃዝ ቤዞች የፖት ዘንግ 6.35 ሚሊሜትር ድፍን ነው፣ ኖቡ (ዘንጉ ላይ ያለው የእጅ መያዣ) በጎን ባለች ትንሽ ቪቴ ነው የሚጠብቀው። ብዙዎቹ ርካሽ ፖቶች 6 ሚሊሜትር ጥርስ ያላቸው ናቸው፣ ኖብሽ አይቀመጥም አንገታቸውም ለቀዳዳው ይቀጥናል። የጃፓን ስሪት ከሆነ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሊሆን ስለሚችል ሳትለኪ አትግዢ። የወጣውን አሮጌ ፖት እንዳትጥይው፣ በላስቲክ አርገሽ ኬዙ ውስጥ አስቀምጪው።

ስለ ፖት ካነሳን ጀርባው ላይ የታተመ ቁጥር ታያለሽ። የ7 ዲጂቱን እንዲህ አንብቢው፦ መጀመሪያ ያሉት ሶስቱ አምራቹን ይነግሩሻል፣ 137 ሲቲኤስ ነው፣ 304 ስታክፖል፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ዓመት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሳምንት። 1377412 ቢል ሲቲኤስ በ1974 በ12ኛው ሳምንት የሰራው ማለት ነው። ጊታሩ ከዛ በፊት አልተሰራም ማለት እንጂ በዛው ዓመት ተሰራ ማለት አይደለም፣ ፌንደር በ1966 የተሰሩ ፖቶችን በብዛት ገዝቶ ለዓመታት ሲገጥም ነበር። ይሄን የምነግርሽ ጠጋኙ እነዚህን አውጥቶ ቢጥላቸው የጊታሩን የልደት ወረቀት ነበር የሚጥለው።

ፖቱ ደህና ሆኖ ከተገኘ ብየዳዎቹን እዪ። ጤነኛ ብየዳ ያበራል፣ ሽቦውን ተጠግቶ ተዳፋት ሰርቶ ይወርዳል። የሞተው ደብዝዞ ግራጫ ይሆናል፣ በተለይ ፖቱ ጀርባ ላይ ያለው ጠብታ ዙሪያውን ቀጭን ስንጥቅ ይኖረዋል፣ ሽቦውን በእንጨት ስትነኪው ይነቃነቃል። ለሱ ካውያሽ ከ40 እስከ 60 ዋት ቢሆን፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ቢሆን፣ ሙቀት የሚያስተካክል ከሆነ 350 ዲግሪ አካባቢ። ሰው ደካማ ካውያ ይሻላል ፖቱን አያቃጥልም ይላል፣ ተቃራኒው ነው፣ ደካማ ካውያ ብየዳው እስኪቀልጥ ፖቱን በሙሉ ያበስለዋል፣ ጠንካራው ግን ሶስት አራት ሰከንድ ውስጥ ጨርሶ ይነሳል። በአሮጌው ሊድ (ቀልጦ የሚበይደው) ላይ ትንሽ አዲስ 60/40 (60 ቆርቆሮ 40 እርሳስ) ሊድ ጨምሪበት፣ ውስጡ ያለው ፍላክስ ነው አሮጌውን የሚያነቃው፣ ከዛ እስኪደርቅ ሽቦውን አታነቃንቂ። ለቧንቧ የሚሆነውን አሲድ ያለበት ፍላክስ አጠገቡም አታድርሺ። የጨርቅ ልባስ ያለው ሽቦ ካገኘሽ በምላጭ አይላጥም፣ ጨርቁ ወደ ኋላ ይገፋል ስትጨርሺ ወደፊት ይመለሳል። የድሮውም 60/40ውም ሊድ እርሳስ አለበት፣ መስኮት ክፈቺ፣ ስትጨርሺ እጅሽን ታጠቢ። ጊታሩ አምፕ ላይ ተሰክቶ እያለ ደሞ በፍፁም አትበይጂ።

አሁን የማንመኘው፣ ፒክአፑ ራሱ። ክሩን አላልተሽ ፒክአፑን ስታነሺ ማግኔቱ ካቻቢቴሽን ሳብ ያደርገዋል፣ ሸርተት ብሎ ኮይሉ ላይ ካረፈ አለቀ፣ ሽቦው 0.063 ሚሊሜትር ገደማ ነው ከፀጉር የማይወፍር። ከስሩ ያለው ስፖንጅ የዛ ዘመን ከሆነ ቀልጦ ጥቁር የሚያጣብቅ ነገር ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ጠርገሽ በአዲስ ተኪው፣ እርጥበት ይይዛል። ከዛ የፒክአፑን ሁለት ሽቦ ከፖቱ ነቅለሽ ቀጥታ በቴስተር ለኪው፣ እየለካሽ በጥርስ መፋቂያ እንጨት የፒክአፑ ስር ሽቦዎቹ የሚበየዱባቸውን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አካባቢ ነካ አርጊ። ቁጥሩ ከዘለለ እዛው ጋ ነው። በማጉያ መስታወት ብታዪው ቀጭኑ መዳብ ቀዳዳዋ ላይ ሲደርስ አረንጓዴ ሆኖ ታገኚዋለሽ። የተበጠሰው የጥምጥሙ መጨረሻ፣ ማለትም ከውጭ በኩል ያለው ጫፍ ከሆነ አንድ ዙር ፈትቶ መልሶ መበየድ ይቻላል። የመጀመሪያው ጫፍ ከሆነ ግን እሱ ከውስጥ ማግኔቱ ስር ነው ያለው፣ የማግኔቱ ዝገት ብዙ ጊዜ የሚበላው እሱን ነው፣ ያኔ ኮይሉ እንደገና መጠምጠም አለበት። ይሄን ብቻ ራስሽ አትሞክሪው ፒክአፕ ለሚጠመጥም ሰው ስጪ። እንደዛም ቢሆን ያንኑ ፒክአፕ ማስጠምጠም እንጂ አዲስ አትግዢ፣ ማግኔቱም አካሉም ያንቺው ሆኖ ይቀራል። ለሚጠመጥመው ሰው አቅጣጫውን እንዳይገለብጠው ንገሪው፣ ከገለበጠው ሁለቱም ሲከፈቱ ድምፁ ይቀጥናል ቤዙ ይጠፋል፣ ሃሙም በመጥፋት ፈንታ ይደመራል።

ሃሙን በተመለከተ ክሩን ስትነኪ መቀነሱ ጥሩ ነው፣ የብሪጁ ግራውንድ ሽቦ (ክሩን ከመሬት መስመር ጋር የሚያገናኘው) በቦታው አለ ማለት ነው። ለማረጋገጥ ከጃኩ ግራውንድ እስከ ክሩ ለኪው፣ ከ1 ወይም 2 ኦም በላይ መሆን የለበትም። ክሩን ስትነኪ ምንም ለውጥ ከሌለው ሽቦው ተበጥሷል፣ ስትነኪ ከባሰበት ደሞ የሆነ ቦታ ሆትና ግራውንድ ተገለባብጧል፣ ብዙ ጊዜ ጃኩን የቀየረ ሰው ስራ ነው። ጃኩን እስከዛሬ አላየሁትም ካልሽ አሁን እዪው፣ ዳዶው ላልቶ ጃኩ አብሮ የሚዞር ከሆነ ሽቦውን ጠምዝዞ እስኪበጥሰው ነው የሚጠብቀው፣ ከውስጥ በፒንሳ ይዘሽ ከውጭ አጥብቂው። ፕሌቱ ብረት ስለሆነ አንዳንዱ ጊታር ግራውንዱን በፕሌቱ በኩል ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፣ ፖቱና ሮንዴላው ከዛጉ ይቋረጣል፣ ከፖቱ ጀርባ ወደ ጃኩ ግራውንድ አንዲት ሽቦ መጨመር ይገላግልሻል። ሃም እንዲቀንስ ውስጡን ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ጥቁር ቀለምና በመዳብ ቴፕ ሸፍኚው የሚሉሽን ግን ለጊዜው አትስሚ፣ አዲስ ጊታር ላይ እኔም አደርገዋለሁ፣ የ70ዎቹ እንጨት ላይ ቀለም ቀብቶ ማስለቀቅ የለም።

እና ክሩን ስትነኪ ነዘር ካደረገሽ፣ ወይም ከንፈርሽ ማይክ ሲነካ፣ ያ የጊታሩ ችግር አይደለም የአምፑ ወይም የሶኬቱ ግራውንድ ነው። ባለ ሁለት ጥርስ ሶኬት ያላቸው አሮጌ አምፖች ላይ በተለይ። ነቅለሽ ተይው፣ አምፑን ለባለሙያ አሳዪው።

ካፓሲተሩ? ብዙ ሰው እሱን መቀየር ይወዳል ለምን እንደሆነ እንጃ። 0.05 ወይም 0.047 ማይክሮፋራድ ነው የሚሆነው፣ ክብ ሴራሚክ፣ አይደርቅም። ቶኑን ዜሮ ስታደርጊ ድምፁ ትሬብሉ ብቻ ከቀነሰ ደህና ነው። ዜሮ ላይ ጠቅላላ ድምፁ ከጠፋ ሾርት ሆኗል፣ ምንም ለውጥ ከሌለው አንዱ እግሩ ለቋል። ከዚህ ውጪ ተይው።

ስትከፍቺው ባትሪ ካገኘሽ ግን ሰው በኋላ ፕሪአምፕ (በባትሪ የሚሰራ ማጉያ) ጨምሮበታል ወይም ሲሰራም አክቲቭ፣ ማለትም ባለ ባትሪ ነው (ከ1976 ጀምሮ የሚውዚክ ማን ኩባንያ ስቲንግሬይ ቤዝ እንደዛ ነው፣ ሌሎችም ተከትለዋል) እና ከላይ ያልኩት የቴስተር ቁጥር አይሰራልሽም። መጀመሪያ ባትሪውን ቀይሪ፣ ፈሶ ማገናኛውን አረንጓዴ አርጎት እንደሆነ እዪ። አክቲቭ ላይ ፖት ሲንኮሻኮሽ ደሞ ሁሌ ቆሻሻ አይደለም፣ ፖቱ ላይ ዲሲ ቮልቴጅ ከመጣበት አዲስም ቢሆን ይንኮሻኮሻል፣ የዚህ ምክንያቱ ፕሪአምፑ ውስጥ ያለ፣ ዲሲ ማገድ ሲገባው የሚያሳልፍ ካፓሲተር ነው። እዛ ላይ ኤሌክትሮላይቲክ የሚባሉት ካፓሲተሮች በእርግጥ ያረጃሉ፣ እነሱን መቀየር ተገቢ ነው። ባትሪው ኬብል እስከተሰካ ድረስ ስለሚሰራ ስትጨርሺ ኬብሉን ንቀይ።

እንግዲህ ዛሬ ሳትፈቺ አራቱን ቁጥር ለኪልኝና ጻፊልኝ፦ የአንገቱ ብቻ፣ የብሪጁ ብቻ፣ ሁለቱም ሙሉ፣ ሁለቱም ዜሮ። ፖቱን ስትገፊው ድምፁ ምን እንዳደረገም ጨምሪበት፣ የቱን መፍታት እንዳለብሽ ከዛ እነግርሻለሁ።